የሳንጃ ድንጋይ ምን በደለ

በመንደሩ ካሉት ባለትዳር ሴቶች ሁሉ የገንፎ ጥሪ የማይደርሳት ይርገዱ ብቻ ነበረች። ጎረቤት ወልዶ እልልታ ሲሰማ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቅቤያቸውን በቅል ይዘው፣ እየተሳሳቁ በደጇ ያልፋሉ። እሷ በሩን ገርበብ አድርጋ እስኪያልፉ ትጠብቃለች። ክፋት ኖሯቸው አይደለም። ሾተላይ ያለባት ሴት አራስ ቤት ከገባች ጣጣዋን ለአራሷ ጥላ ትወጣለች ይባላል። ሾተላይ ማለት ማኅፀን ውስጥ አድፍጦ ልጅ የሚበላ ክፉ ነገር ነው፤ የይርገዱን ሁለት በልቷል። የመጀመሪያው በስድስተኛ ወሩ ወረደ። ሁለተኛው ቀኑ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሞቶ ተወለደ። እንዲህ ያለችውን ሴት ማን ደፍሮ ገንፎ ብዪ ይላታል?

በ1974 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሦስተኛውን ፀንሳ አራት ወር ሞልቷታል። የወገራ ገበሬ በረዶ ያዘለ ደመና እንደሚያይ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ሆዷን ያይ ነበር። የባሏ የካሣዬ አጎቶች መክረው ጨርሰዋል። ይህኛውም ካልበረከተ ይርገዱ ጓዟን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ለካሣዬም ዳባት ላይ ከደህና ቤት አንዲት ልጅ ታይታለታለች። ይህን ፊት ለፊት የነገሯት አማቷ እሜቴ ለተ ማርያም ናቸው። እሜቴ ነገር አለሳልሰው መናገር አያውቁበትም።

«እኔ ያለኝ አንድ ነው» አሏት ጌሾ እየወቀጡ። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። የልጅ ልጅ ሳላይ ብሞት ዓይኔ አይከደንም። አንቺን ጠልቼሽ አይደለም፤ እጅሽ ሸጋ፣ ምግባርሽ ሸጋ። ሆድሽ ነው ያልበጀን።»

ይርገዱ አንገቷን ደፍታ ሥራዋን ቀጠለች። ካሣዬን ትወደዋለች። ሥራ ወዳድ ነው፣ ሳቂታ ነው፣ እጁን አንሥቶባት አያውቅም። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ከመንደሩ ጎረምሶች ጋር ሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ፣ ወደ ሳንጃ ይወርዳል፤ ሲመለስም ለእናቱ ሻሽ፣ ለእሷ ሽታው የሚያውድ ሳሙና ሳያመጣ ቀርቶ አያውቅም። ይህን ሰው ለማታውቃት ሴት ትታ መሄድ ሞት መሰላት። ደግሞስ የወረዱት ልጆች የእሷ ልጆች አልነበሩም? ሁሉም ካሣዬ ልጅ አጣ አለ እንጂ ይርገዱ ልጅ ቀበረች ያለ ሰው አልነበረም።

ለታቦት ተሳሉ፣ ጠበል ተጠመቀች፤ አልሆነም። የቀሩት ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ያሉት መሪጌታ ታከለ ነበሩ። እሳቸው የጻፉትን ክታብ ካነገተች ሴት ሾተላይ ይሸሻል እየተባለ ስማቸው እስከ አዲ አርቃይ ይጠራል። እሜቴ ምራታቸውን ይዘው ሊሄዱ ተነሡ። ያኔ ግን ያለ ገበሬ ማኅበሩ ፈቃድ ከቀዬ መውጣት አይቻልም ነበር፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ክታብ ፍለጋ ነው ቢሉት ስለ ኋላ ቀር ልማድ ግማሽ ቀን ሊያስተምራቸው ነው።

«ምራቴን ሆስፒታል ላሳያት ነው» አሉት እሜቴ ዓይናቸውን ሳያሹ።

ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት ማኅተሙን መታላቸው። እንዲህ ያሉ ንቁ እናት ለሌላው አርአያ ናቸው ብሎም አመሰገናቸው። እሜቴ ማኪናው ላይ እስኪወጡ ድረስ ሳቁ። ውሸታቸውን እግዜር ሰምቶ እውነት ሊያደርግባቸው እንደሆነ ምን ያውቃሉ?

መሪጌታ ታከለ ዓይናቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው። ክታብ የሚጽፉበትን ቆዳ ፍቀው፣ ቀለማቸውን በጥብጠው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ይርገዱን ልጆቹ በስንተኛ ወር እንደወረዱ ጠየቋት። ሁለተኛው ሲወለድ መልኩ እንዴት ነበር አሏት።

«መዳፉና ውስጥ እግሩ ፍል ውኃ እንደነካው ተልጦ ነበር፣ የኔታ» አለች። ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

እሜቴ ለተ ማርያም ዘወር ብለው አዩዋት። ያን ሕፃን የገነዙት ጎረቤቶች ነበሩ፤ እሳቸው አላዩትም።

መሪጌታ ብርዓቸውን አስቀመጡ። «እንግዲያው ሆስፒታል ይውሰዷትና ደሟን ያሳዩ።»

«ምነው የኔታ? እኛ እኮ እርስዎን ብለን ነው የመጣን!»

«መጥታችኋል፤ ምክሬም ይኸው ነው። የገዛ ልጄ ሦስት ክታብ አንግታ ሁለት ቀብራለች። የማን ጽሕፈት ይመስልዎታል? የእኔው የታከለ! ኋላ ነርሶቹ ደሟን አይተው እሷንም ባሏንም መርፌ ወጓቸው፤ ይኸው ዛሬ ልጇ ጢሜን ይነጫል። እንግዲህ ለዚህ ነገር ቆዳ በከንቱ አላበላሽም። መርፌው እንቢ ካለ ተመለሱ፤ እኔ የትም አልሄድ።»

እሜቴ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አጉረመረሙ። ደብተራ ሆኖ ሰው ወደ ሐኪም የሚልክ፣ ዘመኑ ተገለበጠ እኮ! ግን ሄዱ። የመሪጌታን ቃል መናቅ ደግሞ ሌላ መዘዝ ነው።

የእርጉዞች ክፍል በረንዳ ላይ በየጠዋቱ ትምህርት ይሰጣል። የምታስተምረው ሲስተር ሰብለ ወንጌል የጎንደር ልጅ ናት፤ ፈጣን፣ ቀልደኛ፣ ድምጿ በረንዳውን አልፎ መንገድ ላይ የሚሰማ። የዚያን ዕለት ትምህርቱ ስለ አባለዘር በሽታ ነበር። ሴቶቹ አቀርቅረዋል፤ ገሚሶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘዋል።

«ጨብጥ አለ» አለች ሲስተሯ። «ወንዱን ሽንቱን ያቃጥለዋል፣ መግል ያወጣበታል፤ ስለዚህ ቶሎ ይነቃል። ሴቷ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሰማት ማኅፀኗን ያበላሽባታል፤ ስትወልድም የሕፃኑን ዓይን ሊያጠፋው ይችላል። ቂጥኝ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ሲጀምር አንዲት ቁስል ናት፤ አታምም። ጥቂት ሳምንት ቆይታ ያለ መድኃኒት ትጠፋለች። ሰውዬው ዳንኩ ይላል። የት ዳነ! በሽታው ወደ ደሙ ገብቷል። ቆይቶ ሰውነቱ ሽፍ ይላል፤ እሱም ይጠፋል። ከዚያ ዝም ብሎ ሰውነት ውስጥ ይኖራል፤ ለሚስትም የሚደርሳት እንዲሁ በዝምታ ነው። ሚስት ስትፀንስ ስድስት ወር፣ ስምንት ወር ላይ ይወርድባታል፣ ወይ ሞቶ ይወለዳል። በሕይወት ቢወለድም መዳፉና ውስጥ እግሩ ይላጣል፣ አፍንጫው ይታፈናል፣ ብዙውን ጊዜ አይቆይም። መንደሩ ሾተላይ ይለዋል። ልጅ የሚያስወርድ ሌላም ብዙ ነገር አለ፤ ይህኛውን ግን በመርፌ እናድነዋለን።»

ይርገዱ ሁለመናዋ ጆሮ ሆነ። በርቺ፣ ጨምሪ፣ ሁሉንም ንገሪኝ ትላለች በልቧ። አጠገቧ የተቀመጡት እሜቴ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ» አሉ፣ «ይህ ነገር ትኩስ ድንጋይ ላይ በመሽናት የሚመጣው ነው?»

በረንዳው በሳቅ ተሞላ። ሲስተሯ ግን አልሳቀችባቸውም።

«እማማ፣ በዚህ አገር ያለ ድንጋይ ምስኪን ነው» አለች። «የወንዱን ሁሉ ኃጢአት ተሸክሞ ይኖራል። ፀሐይ የመታው ድንጋይም፣ ጨረቃም፣ የሰው ሽንት ቤትም ይህን በሽታ አይሰጡም። ከሰው ወደ ሰው ነው፣ አልጋ ላይ። ከእናት ወደ ፅንስ ደግሞ በደም።»

«ወንዱ ድንጋይ ነው ካለስ?»

«ድንጋዩን ተዉት፤ እሱን ይዛችሁልኝ ኑ!»

እሜቴ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። ትምህርቱ አልቆ ይርገዱ ደም ስትሰጥ እንኳ ከተቀመጡበት አልተነሡም። እርጅናና የመንገድ ድካም መሰላት።

ጎንደር አንድ ዘመድ ቤት አድረው በማግሥቱ ሲመለሱ ሲስተሯ ይርገዱን ብቻዋን ጠርታ በሩን ዘጋችው።

«ቂጥኝ ነው» አለቻት።

በወገራ ቂጥኝ በሽታ ብቻ አይደለም፤ ስድብ ነው። «ቂጥኛም» ተባብሎ ገበያ መካከል ሰው በዱላ ተፈናክቷል። አሁን ያ ስድብ የእሷ ሆነ።

«እኔ ከካሣዬ በቀር ወንድ አላውቅም» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

«አምኜሻለሁ። ባላምንሽም መድኃኒቱ አይቀየርም፤ እዚህ ቤት ፍርድ የለም። ስሚኝ፣ በጊዜ ነው የመጣሽው። ዛሬ አንድ መርፌ፣ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ፣ ሦስት እስኪሞላ። የሆድሽ ልጅ ይተርፋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ግን ባልሽም መወጋት አለበት፤ አለዚያ አንቺ ትድኛለሽ፣ እሱ መልሶ ይሰጥሻል፣ ልፋታችንን ውኃ በላው። ሁለታችሁም እስክትጨርሱ መኝታ ትለያላችሁ። ለአማትሽ ከእኔ አንዲት ቃል አይወጣም። መንገር አለመንገር ያንቺ ፈንታ ነው።»

መርፌው ወተት የመሰለ ወፍራም ነገር ነበር፤ ሲገባ እግሯን እስከ ተረከዟ አደነዘዛት። ይርገዱ ሕመሙን ወደደችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ለሆዷ ያደረገችለት ሁሉ መፍራትና ማልቀስ ብቻ ነበር።

ሲመለሱ የጭነት ማኪናው ላይ፣ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። «ደምሽ ታሟል አሉኝ፤ ካሣዬም ይምጣ ብለዋል» ብቻ ነው ያለችው። እሜቴ «እሺ» አሉ። አፋቸው አርፎ የማያውቅ ሴት እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ይርገዱን ይህ ዝምታ ከስድብ ይልቅ አስፈራት። በመንደሩ ፍርድ ወሬውን ያመጣ እሱ ነው በሽታውን ያመጣ። ካሣዬ ከማን ነው ይላታል፤ አጎቶቹ ይሰበሰባሉ፤ የዳባቷ ልጅ ትመጣለች። ከዚያ ያችም ልጅ ትፀንስና ይወርድባታል፤ እሷንም ሾተላይ አለባት ይሏታል። ይርገዱ ስሟን እንኳ ለማታውቃት ለዚያች ልጅ አዘነችላት።

ካሣዬ ጓሮ ቀንበር እየጠረበ ነበር። እሷን ሲያይ መጥረቢያውን እንደያዘ ወደ ቤት ገባ፤ ፊቱ ላይ ደስታ ነበረበት፣ ክታቡ ተገኘ ብሎ። ይርገዱ ድፍረቷ ሳይከዳት በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ በሽታውን በስሙ ጠርታ።

«ከማን አመጣሽው?»

ጮኾ ነበር። ይርገዱ እጁን አየች። ካሣዬም የገዛ እጁን አየና መጥረቢያውን ጣለው። ጥያቄውን ግን አልተወውም። «ተናገሪ እንጂ! ከማን ነው?»

እሜቴ ለተ ማርያም ከምድጃው አጠገብ ተነሡ።

«ከአንተ ነው» አሉት።

«እማዬ!»

«ዝም በል! የዛሬ አራት ዓመት፣ ይህቺ ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ ከሳንጃ ስትመለስ ምን ብለህ ነበር ጓሮ የጠራኸኝ? አንዲት ቁስል ወጣችብኝ፣ አታመኝም፣ ትኩስ ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው፣ ለማንም እንዳትነግሪ አላልከኝም? ቅጠል ጨምቄ የሰጠሁህ እኔ፣ ጨርቅህን ያጠብኩ እኔ። ቁስሏ ስትጠፋ ቅጠሌ አዳነው ብዬ ኮራሁ። ሰውነትህ ሽፍ ሲል የቆላ ሙቀት ነው አልን። ለካ እናትና ልጅ ተጋግዘን ነው ይህቺን የሰው ልጅ የጎዳናት!»

«እኔ እኮ ድንጋይ...»

«ድንጋዩ ምን በደለ! የሳንጃ ድንጋይ ከዚህ ቤት ጋር ምን ቂም አለው?»

ካሣዬ መደብ ላይ ዝርፍጥ አለ። እሜቴ ግን አልጨረሱም፤ ድምፃቸው ብቻ ወረደ።

«አባትህም ከዘመቻ ሲመለስ ድንጋይ ነው ነበር ያለኝ» አሉ። «አመንኩት። ሁለት ወረደብኝ። ሦስተኛዋ ሴት ነበረች። ተወልዳ አለቀሰች፣ ጡቴን ጠባች። መዳፏና ውስጥ እግሯ ይላጥ ነበር፤ በቅቤ አሸዋለሁ፣ መልሶ ይላጣል። ሁለት ወር ሳይሞላት ሄደች። ሾተላይ ነው አሉኝ። አንተ ስትወለድ ለእሷ ካሣ ይሁነኝ ብዬ ካሣዬ አልኩህ። ዕድሜዬን ሙሉ ምን ኃጢአት ሠርቼ ይሆን እያልኩ ስሰግድ ኖርኩ። ያው ነገር ለዚህች ሲደርስ ደግሞ ቀድሜ የፈረድኩባት እኔ ነኝ።»

ወደ ይርገዱ ዞሩና ጉልበቷን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ይርገዱ ተንደርድራ ያዘቻቸው። አማት ምራቷ ጉልበት ላይ ስትወድቅ በወገራ ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም።

«ተዉ እሜቴ፣ ተዉ እባክዎ!» አለች፤ ተቃቅፈው ተላቀሱ።

እሜቴ ዝም ቢሉ ኖሮ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ይህን ይርገዱ አስባ አትጠግበውም። ያለቻቸው አንድ ዓይን ናት፤ በዚያች ዓይን ላይ ለእሷ ሲሉ አፈር በተኑባት። የወለደቻት እናቷ ብትሆን ከዚህ በላይ ምን ታደርግላት ነበር?

ካሣዬ ወጥቶ ሄደ። ከብት ሲገባ ተመለሰ። በሩ ላይ ቆመ።

«የወረዱትን ልጆች እኔ ነኝ የበላኋቸው» አለ። «አንቺን ሲሰድቡሽ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ ማለትም ያሳፍረኛል።»

ይርገዱ ወዲያው ይቅር አላለችውም፤ ቅዱስ አይደለችም። እራቱን ግን አቀረበችለት። በሳምንቱም ሁለቱ አብረው ጎንደር ሄዱ።

ሲስተር ሰብለ ወንጌል ካሣዬን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ድንጋይ ነው አሉ» አለችው። «እስቲ ንገረኝ፤ ያ ድንጋይ ጠላ ነው የሚሸጥ ወይስ አረቄ?»

ካሣዬ በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀው። «አረቄ» አለ፣ ወለሉን እያየ። ከዚያ ሳቀ፤ ሲስተሯም ሳቀች፤ ይርገዱ ሳትፈልግ ሳቀች። አራት ዓመት ሙሉ ቤታቸውን አንቆ የያዘው ነገር በአንዲት ቃል ላላ።

«ሸጋ» አለች ሲስተሯ። «አሁን ስማኝ። ከሚስትህ ጋር፣ ሁለታችሁም ድናችሁ፣ ተማምናችሁ ብትኖሩ ከሁሉ ይበልጣል። ቆላ ወርደህ ራስህን መግዛት ካቃተህ ደግሞ ኮንዶም የሚባል የላስቲክ ነገር አለ፤ ትወስዳለህ፣ በየጊዜው አዲስ ታደርጋለህ። ቁስል ወይ መግል ካየህ ግን ቅጠል የለ፣ ገበያ የሚወጉት መርፌ የለ፣ በዕለቱ ሐኪም ቤት፣ ሚስትህን ይዘህ። ያቺስ?»

«የትኛዋ?»

«ድንጋዩ ናታ! እሷን ማን ይውጋት? እሷም ከሰው ነው ያገኘችው፤ ማንም አልነገራትም። ሳንጃ ስትወርድ ሐኪም ቤት እንድትሄድ ንገራት።»

ካሣዬ በዚያው ጥቅምት ሲወርድ ነገራት። ሴትዮዋ መጀመሪያ የስድብ ናዳ አወረደችበት፤ ሳይመለስ ግን ተወጋሁ ብላ መጥታ አንድ መለኪያ ልጋብዝህ አለችው። አልጠጣም ብሎ ወጣ። ይህን ሁሉ ለይርገዱ ምንም ሳይደብቅ ነገራት። እሷም ትንሽ ቅናት ቆንጠጥ አደረጋት፣ ግን ያቺም ሴት አንድ ቀን ልጅ ብትወልድ ልጇ ደህና እንዲሆንላት ተመኘች።

መርፌያቸውን እስኪጨርሱ የተመላለሱበት መንገድ መሳቂያ ነበር። ሲሄዱ ጆንያው ላይ እንደ ሰው ይቀመጣሉ፤ ሲመለሱ ባልና ሚስት በአንድ ጎናቸው ተንጋደው። የማኪናው ረዳት ምን ነካቸው ብሎ ቢጠይቅ ካሣዬ «ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነው» አለው። በመጨረሻው ጉዞ እሜቴም ተከተሉ። «ለዚህ ዕድሜ መርፌ ምን ያደርጋል» እያሉ ደማቸውን ሰጡ። የእሳቸውም ደም ውስጥ በሽታው ተገኘ። ሲስተሯ በሽታው ሲያረጅ ወደ ፅንስ መሻገሩ ስለሚቀንስ ካሣዬ እንደተረፈ፣ ቆይቶ ግን ልብንም አእምሮንም ሊጎዳ እንደሚችል ነግራ እሳቸውንም ጀመረቻቸው። እሜቴ አልጋው ላይ ተኝተው መርፌው ሲገባ ያለቀሱት ከሕመም አልነበረም።

«ይህችው መርፌ ናት?» አሉ። «ይህቺን ያኔ ብትወጉኝ ኖሮ!»

ስድስተኛው ወር ገባ፤ አለፈ። ስምንተኛው ገባ። ይርገዱ በዚያ ወር እንቅልፍ አልነበራትም፤ ልጁ ሲገላበጥ ታመሰግናለች፣ ዝም ሲል ትበረግጋለች። የካቲት ላይ፣ ረፋዱ ላይ ምጡ መጣ። የተቀበሏት እሜቴ ናቸው። ሴት ናት። ወጣች፣ ጮኸች፣ ካሣዬ በሩ ውጭ ሆኖ ጩኸቷን ሲሰማ ጋቢውን ተከናንቦ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

እሜቴ ገንፎውን ራሳቸው አገነፉ፤ መንደሩንም ራሳቸው ዞረው ጠሩ። ሴቶቹ ሁሉ መጡ። ቅቤያቸውን በቅል ይዘው በዚያ ይርገዱ ገርበብ ታደርገው በነበረው በር ገቡ። ብርቄ የምትባለው የመጀመሪያዋን የፀነሰች ጎረቤት ብቻ ደጅ ቆማ ቀረች፤ እግሯ እንቢ አላት።

«ግቢ ልጄ» አሏት እሜቴ። «የምትፈሪው እዚህ የለም። ጎንደር ትተነው መጥተናል።»

ይርገዱ ከአልጋዋ እጇን ዘረጋችላት። ብርቄ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ የመጀመሪያውን ጉርሻም ይርገዱ አጎረሰቻት። ለስንት ዓመት በበር ስንጥቅ እያየች የተመኘችው ይህንን ነበር።

ከሴቶቹ ሁሉ ታላቅ የሆኑት እትዬ ውዱ ግን ልማዱ እንዳይቀር ፈልገው ነበር። ልጅ የማይበረክትላት ሴት ስትወልድ ሕፃኑ ለጎረቤት በእፍኝ ጨው ይሸጣል፤ ክፉው ነገር የሌላ ሰው ልጅ መስሎት እንዲያልፈው።

«ለእኔ ሽጡልኝ፤ ስሟንም ለወረዱት ምትክ ካሤ እንበላት» አሉ።

«አልሸጥም» አሉ እሜቴ። «ክፉው ነገር በጨው አይታለልም። ይልቅ ስሙኝ ሁላችሁም። ባሎቻችሁ ከቆላ ተመልሰው ቁስል አወጣሁ፣ ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው ካሏችሁ ቅጠል አትጭመቁ፣ አትሸፋፍኑ። እኔ ሸፋፍኜ ምን እንዳገኘሁ እዩኝ። ይዛችኋቸው ጎንደር ሂዱ፤ እናንተም ደማችሁን ስጡ። እንዳረገዛችሁም ሳይውል ሳያድር ሂዱ። ሊቀመንበሩ ፈቃድ ቢጠይቃችሁ ሆስፒታል ነው በሉት፤ እንደ እኔ አትዋሹም!»

ቤቱ በሳቅ ደመቀ። ብርቄ ግን አልሳቀችም፤ ዝቅ ብላ ይርገዱን «በየትኛው ቀን ነው የሚሄዱት?» አለቻት።

«ስሟስ?» አሉ እትዬ ውዱ።

እሜቴ ሕፃኗን ከይርገዱ እቅፍ ተቀበሉ። «ካሣ አይደለችም። የማንም ምትክ አይደለችም። አገኘሁሽ ነው ስሟ» አሉ፤ እልልታውም ቀለጠ።

ይርገዱ አልጋዋ ላይ ሆና ምስጋናዋን ታነሣለች። ማርያምን፣ ቆዳ አላበላሽም ያሉትን መሪጌታ ታከለን፣ ፍርድ የለም ያለቻትን ሲስተር ሰብለ ወንጌልን፣ ያፈረውንና አፍሮም ያልቀረውን ካሣዬን። እሜቴ ላይ ስትደርስ ቃል ያጥራታል።

በየጠዋቱ ፀሐይ በበሩ ስትገባ እሜቴ ሕፃኗን ወደ ብርሃኑ ይወስዷታል። መታቀፊያዋን ፈታ ያደርጉና ትንንሽ መዳፎቿን፣ ከዚያ ውስጥ እግሮቿን በጣታቸው ይዳስሳሉ። ለምን እንደሆነ ይርገዱ ታውቃለች፤ አትጠይቃቸውም። ዛሬም እንዲሁ ዳሰሱ፣ ቆዩ፣ ጎንበስ ብለው ውስጥ እግሯን ሳሙት።

«ደህና ነው» አሉ። «አልተላጠም።»